አንድ የነበሩት ሁለት ምሰሶዎች

ገና በዳዴ ስትሄድ ነው እናቷ «እንዝርት» ያሏት። አስቀምጠዋት ዘወር ሲሉ በሩ ጋ ናት፤ ከበሩ ሲመልሷት መስኮቱ ሥር ናት። እሷም አደገች፣ ስሙም አብሯት አደገ። አርባ ስድስት ዓመት ሞልቷት፣ ሁለት ልጆች ድራ፣ የራሷን ፎቶ ቤት ከፍታ እንኳ አንድ ብርጭቆ ሻይ ቁጭ ብላ ጠጥታ አታውቅም። ብርጭቆዋ አንዴ ማተሚያው ማሽን ላይ፣ አንዴ ደረጃው ላይ፣ አንዴ ባሏ የስፌት ጠረጴዛ ላይ ግማሹ ቀርቶ፣ በርዶ ይገኛል።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ስፌት ቤቱና ፎቶ ቤቷ በአንድ ግድግዳ ነው የሚለያዩት፤ ከሁለቱ በላይ መኖሪያቸው አለ፤ ከመኖሪያቸው በላይ ደግሞ የውሃ ታንከር የተቀመጠበት ጠፍጣፋ ጣሪያ። እሱ ሲበዛ ዝግ ያለ ሰው ነው። ደንበኞቹ የሚስቱን ከወዲያ ወዲህ ማለት እያዩ ሲስቁ፣ መርፌውን ከአፉ ሳያወጣ፣ «ምን ላድርግ፣ እኔ ሰዓት ቆጣሪው ነኝ፤ እሷ ደግሞ ሴኮንድ ቆጣሪው ናት» ይላል።

ሥራዋ ጉርድ ፎቶ ነው። ነጭ ጨርቅ፣ አንድ በርጩማ፣ ሁለት መብራት። «አገጭ ቀና፣ ትከሻ ዝቅ፣ ዓይን ወደዚህ፣ አትሳቅ።» ብልጭ። «ቀጣይ!» ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረች። ከሁለት ሜትር በላይ የራቀ ነገር ለሥራዋ አስፈልጓት አያውቅም።

አንድ ቀን፣ ሙያውን ያስተማሯት ሽማግሌ አስጠሯት። በከተማው ፎቶ በብልጭታ ማንሳት የጀመሩት እሳቸው ስለነበሩ ሰው ሁሉ «ጋሼ ብልጭታ» ነው የሚላቸው። ሰማንያውን አልፈዋል። ስትደርስ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የተሰነጣጠቀ የቆዳ ማኅደር ጭናቸው ላይ አድርገዋል። ከውስጡ ዘነዘና የሚያህል ጥቁር ብረት አወጡ። ሌንስ ነው። ቀለሙ በየጠርዙ ተልጦ ነሐሱ ይታያል።

«ይኸውልሽ፣ በዕድሜ ይበልጥሻል» አሏት። «ባለ ሦስት መቶ ሚሊ ሜትር ነው። ሩቁን ይጠራልሻል። ባትሪ የለው፣ ሽቦ የለው፤ እንደዛሬዎቹ ራሱን በራሱ አያስተካክልም። ጥራቱን በጣትሽ አንቺ ነሽ የምታመጪው።»

«እኔ ምን ላድርግበት ጋሼ? ደንበኞቼ እኮ አፍንጫዬ ሥር ነው የሚቀመጡት። በዚህ ባነሳቸው የአንድ ዓይናቸውን ሽፋሽፍት ብቻ ነው የማገኘው።»

«ሰው አታንሺበት። ተራራ አንሺበት። ተራራ አይቸኩልም፣ አንቺን አይጠብቅም፣ አይከፍልም። ለአንቺ ዓይነቷ ጥሩ መድኃኒት ነው።» እጃቸውን ዘረጉላት፤ ጣቶቻቸው እንደ ቅጠል ይርገፈገፋሉ። «እኔማ አልቻልኩም። እያየሽው ነው።»

ወሰደችው። የሌንሱ አንገት ከእሷ ካሜራ ጋር ስለማይገጥም ብረት የሚቆርጡበት ቶርኖ ቤት ሄዳ ማገናኛ ቀለበት አስወጣች። ያን ቀለበት እስከሚጨርሱላት ሦስት ጊዜ ተመላልሳ የቶርኖ ቤቱን ሰው ጨጓራ ልጣለች።

መጀመሪያ ያነሳቻቸው ፎቶዎች ለወዳጅ ቀርቶ ለጠላት የሚያሳዩአቸው አልነበሩም። ጣሪያው ላይ ወጣች፣ ካሜራውን ባለ ሦስት እግሩ መቆሚያ ላይ አሰረች፣ ማዶ ያለውን ተራራ አየች፣ ቀለበቱን እስከ መጨረሻው አዞረች፣ ተጫነች። ወርዳ ኮምፒውተሯ ላይ ስታሰፋው ተራራው የተፈታ ጥጥ መስሏል። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ስልክ ደወለች።

«ተበላሽቷል መሰለኝ ጋሼ።»

«የተበላሸሽው አንቺ ነሽ» አሏት እየሳቁ። «ሩቅ ነው ብለሽ እስከ መጨረሻው ገፋሽው አይደል? እሱ ከሩቅም አልፎ ይሄዳል። ጥራቱን አልፈሽው ሂጂ፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ተመለሺ፣ እንደገና ትንሽ እለፊ፣ ተመለሺ። ስትደርሺ ዓይንሽ ያውቀዋል። ደግሞ ከላዩ የአሸዋ ከረጢት ጣይበት፤ ንፋስ ከነካው አለቀለት። ፀሐይ ከጠነከረች በኋላም አትልፊ፤ አየሩ ራሱ ይንቀጠቀጣል።»

እንዳሏት አደረገች። የባሏን የተረፈ ጂንስ ጨርቅ ሰፍታ አሸዋ ሞላችበት። ሊነጋጋ ሲል ወጥታ ቀለበቱን በሁለት ጣት ይዛ አለፈች፣ ተመለሰች፣ አለፈች፣ ተመለሰች። ድንገት ማዶ ያለው ተራራ ከነዛፉ፣ ከነድንጋዩ፣ ከነቀጭን መንገዱ ፊቷ ላይ ቆመ። ሌንሱ ሩቁን ከማቅረቡ ይልቅ መደራረቡ ነበር የገረማት፤ አንዱ ኮረብታ ሌላው ጀርባ ላይ፣ ሌላው በሌላው ላይ፣ ባሏ መደርደሪያ ላይ ተጣጥፈው እንደሚቀመጡ ጨርቆች።

ሰው ሁሉ አሁን ትረጋጋለች ብሎ ጠበቀ። ባሏም እንዲያ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ባሰባት። ሌሊቱ ሳያልቅ «ዛሬ ጉም አለ ወይስ የለም?» እያለች ትገላበጣለች። በሥራ ሰዓት ደንበኛ በርጩማው ላይ አስቀምጣ፣ «አንድ ደቂቃ» ብላ ጣሪያው ላይ ትወጣና ደመናውን አይታ ትመለሳለች። አንድ የባንክ ጥበቃ አገጩን ቀና እንዳደረገ ሩብ ሰዓት ተረስቶ፣ «እመቤት፣ አንገቴ ቀረ እኮ!» ብሎ ጮኾ ያውቃል።

ማዶ ባለው ቁልቁለት ላይ አሥራ አራት ቤቶች ነበሩ። ከዳር ሦስተኛው የታናሽ እህቷ ነው። የእህቷ ባል ግንበኛ ነው፤ ያን ቤት ሌሎች ሲተኙ በእረፍት ቀኑ፣ ድንጋዩን ከታች በትከሻው እያወጣ፣ በስድስት ዓመት ነው የጨረሰው። ከቤቶቹ በስተግራዋ የትምህርት ቤት የድንጋይ አጥር ይታያል፤ ከቤቶቹ በላይ ሣር የለበሰ ተዳፋት አለ፤ ተዳፋቱ መካከል አንድ የመብራት ምሰሶ፤ ከእሱ በላይ አለቱ አናት ላይ ሌላ የመብራት ምሰሶ። ከጣሪያዋ፣ ከታንከሩ ጥግ ሆና ስታይ፣ የታችኛው ምሰሶ የላይኛውን ግርጌ ልክክ አድርጎ ይሸፍነውና ሁለቱ አንድ ረጅም ምሰሶ ይመስላሉ። ይህን ስለወደደችው ደጋግማ አንስታዋለች። በጧት ብርሃን፣ በጉም፣ ከዝናብ በኋላ አየሩ ሲታጠብ።

ዝናብ ከገባ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። አንድ ጧት አዲሱን ፎቶ ስታሰፋ ምሰሶው ወፍሮ ታያት። ይበልጥ አሰፋችው። አልወፈረም፤ ሁለት ሆኗል። ከታችኛው ምሰሶ ጀርባ የላይኛው ጠርዝ ብቅ ብሏል፤ የምላጭ ስለት ያህል ብቻ።

አዲሱንና አንድ የቆየ ፎቶ አትማ እየሮጠች ጋሼ ብልጭታ ዘንድ ሄደች።

ሽማግሌው ማጉያ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩ። ከዚያ «ከየት ቆመሽ ነው ያነሳሽው?» አሏት።

«ከጣሪያችን።»

«ጣሪያችሁ የት ጋ?»

ፎቶዎቹን ወደ ራሷ ሳበቻቸው። አንዱን ከታንከሩ ጥግ፣ ሌላውን ከደረጃው አፍ መሆን አለበት። እርግጠኛ አይደለችም፤ አንድ ቦታ መቆም መች ታውቃለች?

«እንዲያ ከሆነ የተንቀሳቀሰው ተራራው ላይሆን ይችላል። የተንቀሳቀስሽው አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ» አሏት። «ሦስት አራት እርምጃ ወደ ጎን ካልሽ፣ የተጋረደው ይገለጣል። ሂጂና የመቆሚያውን እግሮች ቦታ ምልክት አድርጊ። ቀለበቱንም ምልክት አድርጊበት። በየሁለት ቀኑ ከዚያው ቦታ አንሺ። ከዚያ ተነጋግረን እንወስናለን።»

የዚያን ቀን ሦስት ምልክት በቀይ ቀለም ጣሪያው ላይ ቀባች፤ የሌንሱ ቀለበት ላይ ደግሞ ሴት ልጇ ስታገባ ትታው የሄደችውን የጥፍር ቀለም። ሁለት ሳምንት ጠበቀች። ለእሷ ሁለት ሳምንት መጠበቅ እሾህ ላይ እንደመቀመጥ ነው። ዳቦ ስትቆርጥ ትተወዋለች፣ ስልክ ስታነሳ የደወለችለትን ሰው ትረሳለች። ባሏ «ምን ሆነሻል?» ሲላት፣ «ምንም» ትላለች። ምን ትበል? ምሰሶ ወፈረብኝ ትበል?

በስድስተኛው ፎቶ የምላጩ ስለት ጣት አከለ። እግሮቹ ቀዩ ምልክት ላይ ናቸው፤ ቀለበቱ ጥፍር ቀለሙ ላይ ነው። ከእንግዲህ የተንቀሳቀስኩት እኔ ነኝ ማለት አትችልም።

ፎቶዎቹን በፖስታ አድርጋ እህቷ ቤት ሄደች። እህቷ ልብስ እያሰጣች፣ ባልየው ደጁን በስሚንቶ እየለሰነ ነበር። እንዝርት ሳትቀመጥ፣ ፎቶዎቹን ማስጫው ድንጋይ ላይ ደረደረችና አንድ በአንድ አሳየቻቸው።

እህቷ አንዴ ፎቶዎቹን፣ አንዴ እሷን አየቻት። «እትዬ፣ እንቅልፍ ትተኛለሽ ግን?»

«እንቅልፌን ተይው! ይሄ የታችኛው ምሰሶ እየወረደ ነው። ምሰሶው ደግሞ እግር የለውም፤ የሚወርደው መሬቱ ነው።»

«አንቺ እኮ የሚያስጨንቅሽ ነገር ካላገኘሽ አታድሪም። ባለፈው ዓመት የውሃው ቧንቧ ሊፈነዳ ነው ብለሽ ቀኑን ሙሉ አስቆፈርሽን። ፈነዳ?»

ግንበኛው የሚለስንበትን ማንኪያ አስቀምጦ እጁን በሱሪው ጠረገ። ሰውየው ቁጡ አይደለም፤ ያን ዕለት ግን ፊቱ ጠቆረ። «ስሚ ዋርሳዬ» አለ። «ይሄን መሠረት የቆፈርኩት እኔ ነኝ። አንድ ሜትር ከሃያ ወርጄ ነው ድንጋይ ያገኘሁት። ስድስት ዓመት የሠራሁትን ቤት አንቺ በካሜራ ልታፈርሺው ነው?»

ቤቱ ጥሩ ቤት ነው። ፎቶዎቹን ሰብስባ ወረደች፤ ግማሽ መንገድ ላይ ደርሳ አንዱን እንደረሳችው ትዝ ቢላትም ለመመለስ ፊት አጣች።

በማግስቱ ማዘጋጃ ቤት ነበረች። የመጀመሪያው መስኮት ወደ ሁለተኛው ላካት፤ ሁለተኛው ማመልከቻ ጻፊ አላት፤ ሦስተኛው ላይ ያለው ሰውዬ ፎቶዎቹን ገልብጦ ጀርባቸውን ጭምር አየና «ይሄ ሌንስ ማቀራረብ ሥራው አይደል እንዴ? ታዲያ ምሰሶዎቹን ለምን አራራቃቸው?» ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነባት። መተላለፊያው ላይ ከወዲያ ወዲህ ስትንቆራጠጥ፣ የጭቃ ቦቲ የተጫማች አንዲት ወጣት ልታልፍ ስትል በድንገት ገጨቻት። ፖስታው ወደቀ፣ ፎቶዎቹ ተበተኑ። ወጣቷ ልትለቅምላት አጎንብሳ አንዱን ፎቶ እንደያዘች ሳትነሳ ቀረች።

«ይሄን ማን አነሳው?»

«እኔ።»

«ይሄኛውስ? ከአንድ ቦታ ነው?»

«ከአንድ ቦታ። ምልክት አለኝ። ቀለም ቀብቻለሁ።»

ወጣቷ የመሬት ክፍል መሐንዲስ ነበረች። «ነገ ጧት ጊዜ አለሽ፣ እትዬ?» አለቻት። እንዝርት «አሁንም አለኝ» አለች፤ እየሄዱም ነበር።

ሁለቱ ከቤቶቹ በላይ ያለውን ተዳፋት እየተንሸራተቱ ወጡ። ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። ምንም የሚታይ ነገር የለም። መሐንዲሷ ምሰሶውን ነካች፣ መሬቱን በጫማዋ መታች፣ «እንግዲህ…» ብላ ልትመለስ ስትል እንዝርት አንድ እግሯ ጠፋባት። እስከ ጭኗ ነው የሰመጠችው። ሣሩን በእጃቸው ሲገልጡት ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ከቁልቁለቱ ዳር እስከ ዳር እንደ ቀበቶ ተጋድሟል። መሐንዲሷ ድንጋይ ጣለችበት። ድንጋዩ ሲያርፍ የሰሙት ቆይተው ነው።

ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ሁለት ካስማ ተክለው በመካከሉ ሲባጎ ላላ አድርገው አሰሩ። በአምስተኛው ቀን ሲባጎው ተወጠረ። በዘጠነኛው ተበጠሰ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከእጇ ወጣ። የማዘጋጃ ቤት ሰዎች መጥተው አሥራ አራቱም በር ላይ ቀይ መስቀል ቀቡ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ልቀቁ ተባለ። ሰዉ ያለቀሰው አልቅሶ፣ የተሳደበው ተሳድቦ፣ ዕቃውን እየጫነ ወረደ። እንዝርትን መንገድ ላይ ሲያገኟት ፊታቸውን የሚያዞሩ ነበሩ። አንዲት ሴትዮ «ዓይንሽ ይጥፋ!» ብላታለች፤ ከእነ ሦስት ልጆቿ አንድ ክፍል ልትከራይ እየሄደች የነበረች ሴትዮ ናት፤ አልተቀየመቻትም። እህቷ ልጆቿን ይዛ እነሱ ቤት ገባች። ሳሎኑ በፍራሽ ተሞላ፤ ስፌት ቤቱ ውስጥ ድስትና ጫማ ተደረደረ። ሁለቱ እህትማማቾች በአንድ ማድ ቤት ውስጥ እየተጋፉ ለሥራ የሚያስፈልገውን ብቻ ይነጋገራሉ። ግንበኛው ግን አልመጣም። «መሠረቴን አውቀዋለሁ» ብሎ ቀረ።

ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። በአራተኛው ጧት፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ጋብ ሲል እንዝርት ጣሪያው ላይ ወጣች። መቆሚያውን ምልክቱ ላይ አቆመች፣ ከረጢቱን ጣለች፣ ቀለበቱን አስተካከለች። አየሩ ታጥቦ እንደ መስታወት ጠርቷል። ምሰሶዎቹን አየች፤ የታችኛው ጎንበስ ብሏል። ወደ ቤቶቹ ዝቅ ስታደርገው፣ ሦስተኛው ቤት ጣሪያ ላይ አንድ ሰው ተንበርክኮ ቆርቆሮ ይነቅላል።

ግንበኛው ነው። ሸሚዙ ጀርባው ላይ የተጣበቀበት ሳይቀር ይታያታል። እጇን ብትዘረጋ የምትይዘው ይመስላል፤ መካከላቸው ግን ኪሎ ሜትር ተኩል አለ።

«ስልክ!» ብላ ጮኸች። እህቷ ከታች እየሮጠች ወጣች። ደወሉ። አይነሳም። እንደገና። በሌንሱ ውስጥ ሰውየው ኪሱን ሲዳብስ፣ ስልኩን ሲያይ፣ ሊመልሰው ሲያስብ፣ ከዚያ ሲያነሳው ታየዋለች።

«ቆርቆሮዬን እየነቀልኩ ነው» አለ ሳይጠየቅ። «ዛሬ ጨርሼ እመጣለሁ። ምን ሆናችኋል?»

«ውረድ!» አለችው እንዝርት። ስልኩን ከእህቷ ነጥቃ በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ይዛዋለች። «አሁኑኑ ውረድ!»

«አሥር ቆርቆሮ ነው የቀረኝ…»

የዚህ ሌንስ ክፋቱ ጠባብነቱ ነው። ሰውየውን ስታይ ተራራውን አታይም፤ ተራራውን ስታይ ሰውየው የለም። ወደ ላይ አነሳችው። ሣሩ ዓይኗ እያየ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ በመካከሉ ቀይ አፈር አፉን ከፈተ። የምሰሶዎቹ ሽቦ ተወጥሮ ተበጠሰ።

«ምሰሶው ወደቀ! ምሰሶው! ሩጥ፣ ወደ ግራ! ወደ ግራ ሩጥ!»

ሌንሱን ዝቅ ስታደርግ ሰውየው ከጣሪያው ዘሎ ወርዷል፤ ወደ እሷም ዞሯል። የእሱ ግራ የእሷ ቀኝ ነው። ሦስት እርምጃ፣ አራት እርምጃ፣ አፈሩ ወደሚመጣበት ጎን ሮጠ። ከዚያ ከየት እንደመጣላት ሳታውቅ፣ «ወደ ትምህርት ቤቱ!» አለች። «ትምህርት ቤቱ! ትምህርት ቤቱ!»

ዞረ። ጉልበቱን እያነሳ፣ አጥር እየዘለለ ሲሮጥ በሌንሱ ተከተለችው፤ አንዴ ስታጣው፣ አንዴ ስታገኘው። ከኋላው ሦስተኛው ቤት ሰው እንደገፋው ወንበር ወደፊት ተንሸራተተ፣ ተንጋደደ፣ ተዋጠ። ሁሉም ያለ ድምፅ ነበር። ድምፁ ኋላ መጣ፤ ጥርስን የሚያነቀንቅ፣ ከእግር የሚገባ ድምፅ። በዚያን ጊዜ ሌንሱ ውስጥ ከቀይ ጭቃ በቀር ምንም አልነበረም። እህቷ ጣሪያው ላይ ተቀምጣ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛለች። «አለ? እትዬ፣ አለ?» ትላለች። እንዝርት ሌንሱን ከወዲያ ወዲህ እያዞረች ትፈልገዋለች።

ከትምህርት ቤቱ የድንጋይ አጥር ሥር ነው ያገኙት። ጭቃው እስከ ወገቡ ቀብሮት፣ አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች ሁለት ቦታ ተሰብሮ። ከአሥራ አራቱ ቤቶች ዘጠኙ የሉም። ሰው ግን አልሞተም።

ያች «ዓይንሽ ይጥፋ» ያለቻት ሴትዮ በሦስተኛው ቀን ፎቶ ቤቷ ድረስ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን ስታጣጥፍና ስትዘረጋ ቆየች፤ ከዚያ «ለልጆቹ ለትምህርት ቤት የሚሆን ጉርድ ፎቶ ፈልጌ ነው» አለች። ሦስቱንም አነሳቻቸው።

ግንበኛው ሁለት ወር እነሱ ቤት ተኛ። እግሩ በጀሶ ታስሮ፣ ከልብስ ሰፊው ጋር ቀኑን ሙሉ ዳማ ይጫወታል። ልብስ ሰፊው «አሁን ገና አማች አገኘሁ፤ የማይሮጥ!» ይላል። ቤቱ ሳቅ ሳቅ ይላል። እንዝርት ግን አትስቅም። ያ አራት እርምጃ አይለቃትም። የደንበኛ አንገት ስታቃና «ትንሽ ወደ ግራ» ልትል አፏን ከፍታ ትተወዋለች፤ በእጇ ማሳየት ጀመረች። አራት እርምጃ ሲሄድ፣ አራት ሲመለስ፣ ስምንት። ስምንት እርምጃ ቀድሞ ቢሆን እግሩ ይተርፍ ነበር። ከሰው ጋር እያወራች በልቧ ትቆጥራለች። ለግንበኛው ምሳ ስታቀርብ ዓይኑን አታየውም። እህቷም ነገሩ ገብቷት «ምን በድሎሽ ነው?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠይቃታለች።

ጀሶው የሚፈታበት ዕለት ጧት፣ ሰዉ ሁሉ ወጥቶ እንዝርትና ግንበኛው ብቻቸውን ቀሩ። ትራሱን እያስተካከለች ድንገት ከአፏ አመለጣት።

«ግራ ያልኩህ የኔን ግራ ነው።»

«ምን?»

«ያን ጊዜ። ወደ ግራ ሩጥ ያልኩህ። ወደ እኔ ዞረህ እንደነበር ረሳሁት። የራስህን ግራ ይዘህ ሮጥክ። እግርህን የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

ግንበኛው አንገቱ ሥር ቀላ፤ ሊቆጣ መስሏት ወደኋላ አለች። አልተቆጣም። አፍሮ ነው።

«ስሚ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለእህትሽ አትንገሪያት። ግራም ቀኝም አልሰማሁ። ‹ምሰሶው› ስትይኝ ስልኩን ደረት ኪሴ ውስጥ ከትቼ ዘለልኩ። እና የሮጥኩት… የሥራ ሳጥኔ ነበረች እዚያ ጋ። ቱንቢዬ፣ ውሃ ልኬ፣ የግንበኛ ማንኪያዎቼ ያሉባት። እሷን ላነሳ ነው። ከዚያ ኪሴ ውስጥ ሆነሽ ‹ትምህርት ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ› እያልሽ ስትጮኺ ሳጥኗን ትቼ ዞርኩ።»

«ለሳጥን?»

«ለሳጥን። ለማንኪያ ብሎ ሞት አፍ ውስጥ ገባ ተብሎ እንዲወራብኝ እፈልጋለሁ እንዴ?»

ሳቀች። ስትስቅ እንባዋ መጣ፤ እንባዋ ሲመጣ ደግሞ ተናደደች፤ ትራሱን ወርውራ ደረቱን መታችው። «ሁለት ወር ሙሉ!» አለችው። «ሁለት ወር ሙሉ አስቆጠርከኝ እኮ!»

«አልጠየቅሽኝማ» አለ።

በዚያው ሳምንት መሐንዲሷ ደወለችላት። በከተማው ሌላ ጫፍ፣ የድንጋይ ካባ ያለበት ኮረብታ ሥር፣ ሠላሳ ቤቶች አሉ። ምንም ምልክት የለም፤ እንዲያው ለጥንቃቄ በየወሩ ከፊት ለፊቱ ካለው የዱቄት ፋብሪካ ጣሪያ ላይ ታነሳልን ይሆን? እንዝርት ሌንሱን በጂንስ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ስልኩ ሳይዘጋ ደረጃው ላይ ነበረች። ባሏ ከማሽኑ ላይ ቀና ብሎ፣ «ዛሬ ነው እንዴ ያሉሽ?» አላት።

«አላሉም» አለች ከመንገድ። «ግን ብርሃኑ ጥሩ ነው።»

የፋብሪካው ጣሪያ ላይ ዱቄት እንደ ውርጭ ተበትኗል። መቆሚያውን ተከለች፣ ሦስቱን ነጥቦች በቀይ ቀባች፣ ቀለበቱን አለፍ መለስ አደረገች። ኮረብታው ከነቤቶቹ፣ ከነተሰጣ ልብሱ፣ ደጅ ላይ ከሚያስነጥስ አንድ ሽማግሌ ጋር ጥርት ብሎ መጣ። አንድ አነሳች። ከዚያ ያነሳችውን ካሜራው ጀርባ ላይ አስፍታ፣ ከኮረብታው አናት ጀምራ፣ ድንጋይ በድንጋይ ወደ ታች ማየት ጀመረች።